ያልተቆጠሩት የወብሪያ ጎሾች

ባልቴቷ ወብሪያ ስንት ጎሽ እንዳላቸው እንድነግራችሁ አትጠብቁ። አውቃለሁ፤ ግን አልናገርም። በእኛ በረግረጉ አገር ጎሽ እንደ ላም ይታለባል፣ ይቆላመጣል፣ ሲያጠፋ ይሰደባል፣ በስሙ ይጠራል እንጂ አይቆጠርም። የሰው ዓይን ቀላል ነገር መሰላችሁ እንዴ? ቁጥር አንዴ ከአፍ ከወጣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ አገኘ ማለት ነው። ስለዚህ እንግዳ መጥቶ «ስንት አላችሁ?» ሲል፣ በወጉ ያደገ ሰው የሚመልሰው አንድ መልስ ብቻ ነው፤ «ሦስት ናቸው፤ አንዷም አንካሳ ናት» ይላል። ሦስት ያለውም፣ ሠላሳ ያለውም መልሱ ይኸው ነው። ጠያቂው የአገር ሰው ከሆነ ፈገግ ብሎ «አላህ ይባርካቸው» ይላል፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል።

ችግሩ፣ አንድ ዓመት በበጋው ማብቂያ ላይ የመጣው ጠያቂ የአገር ሰው አልነበረም። የእንስሳት ሐኪሞች ለጎሾቻችን ክትባት ሊሰጡ ነው ተባለና፣ ሙሐናድ የሚባል የባግዳድ ልጅ መዝገብ ይዞ በጀልባ ቤት ለቤት ዞረ። የሐኪሞቹ አስተርጓሚ ነው፤ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ ጭቃ የሚጠየፍ ልጅ። ወብሪያ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የሸምበቆ ምንጣፍ እየሠሩ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይሉ «ሦስት ናቸው፤ አንዷም አንካሳ ናት» አሉት። ጻፈ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጫስብ ቤት ሄደ፤ እዚያም ሦስት፣ አንዷም አንካሳ። ሃያ ቤት ዞሮ ሃያ ጊዜ አንድ ዓይነት መልስ ጻፈ። አንድም ጊዜ አልጠረጠረም። እንዲያውም በመንደሩ ውሃ ውስጥ ጎሽ አንካሳ የሚያደርግ ነገር ሳይኖር አይቀርምና ይጠና ብሎ ማስታወሻ ጨምሮበታል አሉ።

የወብሪያ ልጅ ጋንያ በዚያን ቀን ቤት አልነበረችም። ትምህርት ላይ ነበረች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ክፍል ሳለች መንግሥት ረግረጉን አድርቆ ሁላችንንም በበተነ ጊዜ ነው ከትምህርት የቀረችው። አባቷ በዚያ ስደት ሞቱ፤ እሷና እናቷ ብቻ ቀሩ። ውሃው ሲመለስ አብረው ተመለሱ፤ ከአንዲት ጎሽ ተነስተው እንደገና ቤት ሆኑ። አሁን ሲት ቡሽራ የሚባሉ አስተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ከከተማ እየመጡ፣ በሸምበቆው የእንግዳ አዳራሽ ውስጥ ለሴቶች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ወብሪያ አልከለከሏትም፤ ግን ልጅቷ ደብተሯን ይዛ በወጣች ቁጥር እሳቸው ምንጣፋቸውን እየሠሩ ያጉረመርማሉ። «ዝይ በእንግሊዝኛ ምን እንደምትባል ማወቅ ወተት ይሆናል?» ይላሉ።

በዚያን ቀን ሲት ቡሽራ ያስተማሩት የጥቅል ስም የሚባለውን ነበር። እንግሊዞች አብሮ ለሚዋኝ ዓሣ አንድ ስም አላቸው፣ አብሮ ለሚበር ወፍ ሌላ፣ ለንብ ሌላ፣ ለተኩላ ሌላ። ለከብትና ለጎሽ ደግሞ ኸርድ ይላሉ። ብዙ ናቸው፤ ስሙ ግን አንድ ነው። ጠቅልላችሁ በአንድ ቃል ታነሷቸዋላችሁ፣ ስንት ናቸው የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው አሉ ሲት ቡሽራ። የጫስብ ሚስት፣ ለምራቶችስ እንዲህ ያለ ስም አላቸው ወይ ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ ላይ የለም ቢሏት ሴቶቹ ራሳቸው ሊያወጡላቸው ተነሱ፤ የወጣው ስም ሁሉ ግን እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ጋንያ ማታ ስታልብ ኸርድ፣ ኸርድ እያለች ለራሷ ትደጋግማለች። እናቷ ሰሟትና ጉንፋን ይዞሻል እንዴ አሏት።

ከወር በኋላ ከሐኪሞቹ አንዷ መጣች። ኤልስፔት ትባላለች፤ የስኮትላንድ ሴት ናት፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጠው፣ ፀጉሯ እንደ ተፈተገ መዳብ የቀላ። የበረዶ ሳጥኗን ተሸክማ ወብሪያ ደጃፍ ላይ ወጣች፤ በእጇ ምልክት ሰላምታ ሰጠች፤ ሦስት መርፌ አሰናዳች። ከዚያ ቀና ብላ ውሃውን አየች። ጥቁር ጥቁር ራሶች፣ ቀንድ በቀንድ፣ ከሸምበቆው ጥግ እስከ ጫስብ ቤት ድረስ ተንሳፍፈዋል። መርፌዎቿን አየች። ደግማ ውሃውን አየች። ከዚያ ወደ ሙሐናድ ዞረች።

ሙሐናድ ፊቱ ደም መሰለ። አዋረዱኝ ብሎ ነው፤ እውነቱንም ነው፣ መዝገቡ ላይ ያለው የእጅ ጽሑፍ የእሱ ነው። በሌላ አገር ሰው እርዳታ ለማግኘት አምስት ካለው አሥር ይላል፣ የእናንተ ውሸት ግን ለምን እንደሆነ እንኳ የማይገባ ውሸት ነው ብሎ ጮኸ። ውሸታሞች አላቸው። አንዲት ትልቅ ሴት በገዛ ደጃፏ ላይ ውሸታም ስትባል ምን እንደሚሆን የባግዳድ ልጅ ሊያውቅ ይገባ ነበር። ወብሪያ ምንጣፋቸውን ጠቀለሉ፣ ወደ ቤታቸው ገቡ፣ የሸምበቆውን በር ከውስጥ መለሱት። ክትባቱም ቀረ፣ ሰላምታውም ቀረ።

ነገሩ ግን በኩርፊያ የሚያልቅ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል ባለው መንደር ጎሾች ማለቅ ጀምረዋል። መጀመሪያ ያተኩሳቸዋል፤ ቀጥሎ ጉሮሯቸው ያብጣል፤ ሲነጋ ውሃው ላይ ሆዳቸው ተነፍቶ ይገኛሉ። ሐኪሟ የያዘችው መድኃኒት ለእያንዳንዱ ቤት ሦስት ሦስት ብቻ ነው። የቀረው ከተማ ባለው ማቀዝቀዣ ቤት ነው፤ ማቀዝቀዣ ቤቱ ደግሞ በመዝገቡ ላይ ከተጻፈው ጠብታ አይጨምርም። የታረመ መዝገብ ነገ ጠዋት ከደረሰ ይሰጣል። ካልደረሰ ሐኪሟ ከነገ ወዲያ ወደ ሌላ አውራጃ ትሄዳለች፤ ተመልሳ የምትመጣው ብርዱ ሲገባ ነው። እስከዚያ ደግሞ የሚከተብ ነገር አይቀርም።

ይህን ሁሉ ሙሐናድ በንዴት ተናግሮ ሲያበቃ ጀልባው ላይ ተቀምጦ ሲጋራውን ለኮሰ። ከዚህ በኋላ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ቃል አልተረጉምም አለ። ሐኪሟ የበረዶ ሳጥኗ ላይ ቁጭ ብላ፣ በተዘጋው በርና በጎሾቹ መካከል ዓይኗ ይመላለሳል። ከደጃፉ ጥግ ሆና ሁሉን የሰማችው ጋንያ ቀረበቻት። ከባዕድ ሰው ጋር እንግሊዝኛ ተናግራ አታውቅም።

«ሦስት የለም» አለች። «ኸርድ። የእናቴ ኸርድ።»

ሐኪሟ ደንግጣ አየቻት፤ ቀጥሎ ፊቷ በራ። «ኸርዱ ስንት ነው?» አለቻት፣ ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል እየለየች።

ጋንያ ወደ ተዘጋው በር ዘወር አለች። ቁጥሩ እኮ ምላሷ ላይ ነው። ጠዋትና ማታ የምታልባቸው እሷ ናት፤ እያንዳንዷን በትንፋሿ ታውቃታለች። አንድ ቃል በሐኪሟ ጆሮ ሹክ ብትል መድኃኒቱ ይመጣል፣ ጎሾቹ ይድናሉ። እናቷም አይሰሙም። ግን ልጅ ሳለች የሆነውን ታውቃለች። ረግረጉ ከመድረቁ በፊት አንድ የመንግሥት ሰው መዝገብ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ወብሪያ ያን ጊዜ ወጣት ነበሩ፣ ፈሩትና እውነተኛውን ቁጥር ነገሩት። በዚያው ዓመት ውሃው ሸሸ። ጎሾቹ በደረቀው ጭቃ ላይ አንድ በአንድ ወደቁ። ውሃውን ያደረቀው መንግሥት እንጂ ቁጥሩ አይደለም ትሉ ይሆናል። ሲት ቡሽራም ለጋንያ እንደዚያ ብለዋታል። ጋንያ ሲያስረዷት ይገባታል፤ ቤቷ ስትገባ ግን እናቷን ታያለች፣ ያን ጊዜ ምንም አይገባትም። እሷም ራሷ ትፈራለች፣ እውነቱን ለመናገር። ቁጥሩን ሰጥታ አንዲቷ እንኳ ብትሞት፣ በምን ዓይኗ እናቷን ልታይ ነው?

«ቁጥር፣ ዓይን» አለች ለሐኪሟ፣ በጣቷ ዓይኗን እየነካች። «ቁጥር፣ ሞት። እናቴ አትልም። እኔም አልልም።» ከዚያ ቆይኝ የሚል ምልክት ሰጥታት ወደ ቤት ገባች።

ወብሪያ ጨለም ባለው ጥግ ተቀምጠዋል። ጋንያ አጠገባቸው ተንበርክካ፣ በምሥራቅ መንደር የሚሆነውን፣ ማቀዝቀዣ ቤቱን፣ የነገ ጠዋትን ነገር ሁሉ ነገረቻቸው። ወብሪያ አላህ ያውቃል አሉ። ልጅቷ ተስፋ ቆረጠች። ምን እንደምትል ሲጠፋት ስለ ሐኪሟ ማውራት ጀመረች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፣ ኸርድ ብላት ገባት አለቻቸው።

«ኸርድ ያልሽው ያ ማታ ስታልቢ የሚያስልሽ ነገር ነው?»

«አዎ እማዬ። ሁሉንም ባንድ ላይ የሚጠሩበት ስም ነው። ስንት እንደሆኑ ሳይናገሩ።»

ወብሪያ ቀና አሉ። «ሳይናገሩ?»

«ሳይናገሩ። ለዓሣም አላቸው፣ ለወፍም አላቸው፣ ለንብም አላቸው። ለሁሉም የራሱን ስም አውጥተውለታል።»

ወብሪያ ይህን ነገር ከሁሉም አቅጣጫ አገላበጡት። ከዚያ ቀስ ብለው «ታዲያ እነሱም ዓይን ይፈራሉ በይኛ» አሉ። «ለዓሣው እንኳ መሸፈኛ ስም የሚያወጣ ሰው፣ ያለ ምክንያት ያወጣል? እኔ ደግሞ ምንም የማይፈሩ መስሎኝ ነበር። ምስኪኖች።»

ጋንያ ሲት ቡሽራ እንዲህ አላስተማሩም ልትል አሰበችና ተወችው። በሩን ከፍታ ወጥታ ሐኪሟን ጠየቀቻት፤ እናንተ አገርም ሰው ቁጥር ይፈራል ወይ አለቻት። እንግሊዝኛዋ ተንጋዶ ነበር፤ ግን ደረሰ። ኤልስፔት ሳቅ የቃጣት መሰለች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። አያቷ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ቀስ ብላ፣ በእጇም እያሳየች ነገረቻት። ጀልባዎቹ ወደ ባሕር ሲወጡ ከዳር ቆሞ መቁጠር ትልቅ ነውር ነበር። አንድ ጊዜ እሷ ትንሽ ልጅ ሆና ጣቷን ቀስራ ጀልባዎቹን አንድ፣ ሁለት ስትል ሴት አያቷ ጣቷን በጥፊ መቷት፤ እንዲህ ብለሽ ከሆነ ማን ይመለስልናል ብለው አለቀሱ። እስካሁን ድረስ ጀልባ ሲወጣ አልቆጥርም አለች ሐኪሟ፤ ጣቷንም አሳየቻት።

ጋንያ ይህን ለእናቷ ልትተረጉም ዘወር ስትል ወብሪያ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰምተው ሲጨርሱ የሐኪሟን ጣት ያዙና አገላብጠው አዩት፣ የጥፊው ምልክት ያለበት ይመስል። «ሴት አያትሽ ደህና ሰው ነበሩ» አሏት። ከዚያ ለጋንያ ዕቅዱን ነገሯት፤ ልጅቷ አሳስባ የነገረቻቸው እንዳይመስላችሁ፣ የወብሪያ የራሳቸው ነው።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ጎሾቹ ከውሃ ይመለሳሉ። ወብሪያ ማታ ማታ ደጃፍ ላይ ቆመው በየስማቸው ይጠሯቸዋል፤ የተጠራችው ትመጣለች፣ ያልተጠራችው ተራዋን ትጠብቃለች። ሐኪሟ ጀርባዋን ለውሃው ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዙራ ትቀመጥ። ዘወር ብላ አትይ። አትጻፍ። ባቄላ በጎድጓዳ ሣህን ይሰጣታል፤ ስም በተጠራ ቁጥር አንድ ባቄላ ኪሷ ትክተት። ኪሷ ውስጥ ያለውን ባቄላ ደግሞ ከዚህ ውሃ ከወጣች በኋላ የፈለገችውን ታድርገው፤ ባቄላ ነው፣ ጎሽ አይደለም። ያ የሚያብለጨልጭ ልጅም ጀልባውን ከሸምበቆው ኋላ ይውሰድልኝ አሉ።

ኤልስፔት እንደተባለችው ተቀመጠች። ወብሪያ ሻሻቸውን አጠበቁና ድምፃቸውን ወደ ውሃው ለቀቁ። «ሰብሐ! ነይ የኔ ጨረቃ! ፊዳ! አንቺ ሰነፍ፣ ዛሬም መጨረሻ ልትሆኚ ነው? ሪሻ! ዋርዳ! ነጅማ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ!» አንዷ ከውሃው ብቅ ባለች ቁጥር ውሃው ሸሽ ይላል፤ ደጃፉ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሿ የሐኪሟን ጀርባ ይመታዋል። ሐኪሟ አልዞረችም። ዓይኗን ጭምር ጨፍና ነበር። ጋንያ አጠገቧ ቆማ ባቄላው ከሣህኑ ወደ ኪስ ሲገባ ታያለች፤ እሷም እንዳትቆጥር ከንፈሯን ነክሳ ቢስሚላህ ትላለች።

የመጨረሻዋ ገብታ እስክታበቃ ጫስብ ከደጃፉ ሆኖ ሁሉን ሲያይ ኖሯል። ባቄላ ተርፏችኋል ወይ ብሎ ጠየቀ። ሌሊቱ ሳይጋመስ ሃያውም ቤት ተዳርሷል፤ ሐኪሟ ኪሶቿ ሁሉ አብጠው፣ ከየቤቱ የመጣውን ባቄላ በየጨርቁ ቋጥራ፣ ቋጠሮው ላይ የባለቤቱን ስም ብቻ ጽፋ ወጣች። ሙሐናድ ቋጠሮዎቹን ሲያይ ምን እንዳለ የጀልባው ቀዛፊ ነግሮናል፤ ግን ይቅርታም ስለጠየቀ እንተወዋለን።

በማግሥቱ ማታ መድኃኒቱ መጣ። ኤልስፔት እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ፣ ጋንያ ጎሾቹን በጆሯቸው እየያዘችላት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ወጉ። መርፌው ቶሎ ሥራውን አይጀምርም፤ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋል አለችና ተሰናብታ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው መጠበቅ ነው። እንዴት ያለ መጠበቅ መሰላችሁ። በሽታው በሸምበቆው ውስጥ ለውስጥ እየመጣ ነበር፤ ወደ እኛ የሚፈሰው ውሃ በየጠዋቱ ሬሳ ይዞ ያልፋል። ጋንያ ሳይነጋ ተነስታ የእያንዳንዷን ጉሮሮ በመዳፏ ትዳብሳለች። አንድ ጠዋት ፊዳ አተኮሳት። አፏን ወደ መኖው አላዞር አለች። ወብሪያ አጠገቧ ቁጭ ብለው ቀኑን ሙሉ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ ሲያደርጉላት ዋሉ፤ ልጃቸውን አንድ ቃል አልወቀሷትም። ጨርቁን እየደጋገሙ ሲያርሱ ማየት ግን ለጋንያ ከወቀሳ የከፋ ነበር። የዚያን ዕለት ትምህርት ቀረች። ደብተሯንም ከሳጥኑ ሥር ከተተችው።

በሦስተኛው ቀን ፊዳ ራሷን ነቅንቃ ተነሳችና የጫስብን መኖ ልትሰርቅ ሄደች። ጫስብ በሕይወቱ ለሌባ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

አርባ ቀን ሲሞላ ኤልስፔት ተመለሰች። አፍንጫዋ አሁንም ተልጧል። መዝገቧን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው፤ በምሥራቅ ካሉት መንደሮች ነበር የምትመጣው፣ እዚያ የጻፈችውን እኔ አልደግመውም። ወብሪያ ትኩስ የጎሽ ቅቤና ዳቦ አቀረቡላት። እሷ ግን መብላት አልቻለችም። አሁን የምጠይቀው ጥያቄ ከባድ ነው አለች፤ ካልፈለጋችሁ አትመልሱልኝ። በዚህ ቤት ስንት ሞተ?

ጋንያ ለእናቷ ተረጎመችላቸው። ራሷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ወብሪያ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

«ይህን እኔ ልንገራት» አሉ። «በእነሱ ቋንቋ ‹አንድም አልሞተም› እንዴት ነው የሚባለው?»

ጋንያ ነገረቻቸው። ወብሪያ ሁለት ጊዜ በሹክሹክታ ሞከሩት፤ ሁለት ጊዜም ልጃቸው አረመቻቸው። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሩና፣ ረግረጉ ከደረቀ ወዲህ ለማንም መዝገብ እውነት ተናግረው የማያውቁት ሴትዮ፣ የጫስብ ቤት እስኪሰማ ድረስ ጮክ ብለው ተናገሩት። ኤልስፔት ብዕሯን ጣለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወብሪያ አቀፏት፤ አላህ ይስጥሽ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ፣ አያትሽንም በጀነት ያኑራቸው አሏት፤ ሴትዮዋ ቃሉ አልገባትም፣ ነገሩ ግን ገባት።

ከዚያ ወደ ጋንያ መጡ። በእኛ አገር እናት ልጇን አታመሰግንም፤ ነውር ሆኖ ሳይሆን ልማዱ የለም። ወብሪያ የልጃቸውን ፊት በሁለቱ መዳፎቻቸው ያዙና «ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ» አሏት። «ነገ እኔ አልባለሁ። አንቺ ከትምህርትሽ እንዳትቀሪ። ስትመለሺ ደግሞ የተማርሽውን ሁሉ ትነግሪኛለሽ፤ የዝይዋንም ጭምር።»

ጋንያ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ጠረገች። ደብተሯን ፍለጋ ወደ ቤት ገባች።